ተህዋስያን መዋኘት ሲያቆሙ

እ.ኤ.አ. በ1683 በሆላንዷ ዴልፍት ከተማ ይኖር የነበረው የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ከጥርሱ መሀል የፋቀውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ አየው። በሕይወት ያሉ ደቃቅ ፍጥረቶች ይርመሰመሱበታል። ቆሻሻውን በውሃ በጥብጦ ኮምጣጤ ሲጨምርበት ወዲያው ሞቱ። በኮምጣጤ አፉን ሲጉመጠመጥ ግን ከጥርሱ መሀል ያሉት አልሞቱም። ኮምጣጤው የገደለው ከላይ ያሉትን ብቻ ነው፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ብሎ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጻፈ።

ስሙን ያስጠራው ፍጥረቶቹን ማየቱ ነው። እኔን ግን የምትይዘኝ ይህቺ የኮምጣጤ ማስታወሻ ናት። አንዱ ፍጥረት ተበትኖ ሲዋኝና ተጣብቆ ሲኖር አሟሟቱ እንደሚለያይ ሰውየው ያኔውኑ ልብ ብሏል። ሕክምናው ነገሩን በቅጡ እስኪቀበለው ሦስት መቶ ዓመት ገደማ አለፈ። ካናዳዊው ቢል ኮስተርተንና ባልደረቦቹ፣ ባክቴሪያ በተፈጥሮ በአብዛኛው ተጣብቆ የሚኖር ፍጡር ነው ብለው በሰፊው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር።

እንዴት ነው የሚጣበቀው? የኮሌራን ባክቴሪያ እንይ። በአንድ ጫፉ ላይ ባለች አንዲት ጭራ ይዋኛል። ጭራዋን የሚያሽከረክራት ከሥሯ የተተከለ፣ ከፕሮቲን የተሠራ ሞተር ነው፤ ኃይል የሚያገኘውም ወደ ሴሉ ከሚገባ ሶዲየም ነው። ባክቴሪያው ጠጣር ነገር አጠገብ ሲደርስ ወዲያው አይለጠፍም። ከገላው የወጡ ቀጫጭን ክሮች ገጹን እየነኩ፣ እየያዙና እየለቀቁ፣ በላዩ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ትቶት ይሄዳል።

የሚቆይ ከሆነ ውስጡ ይለወጣል። ሳይክሊክ ዳይ ጂኤምፒ የምትባል ትንሽ ሞለኪውል አለች። መጠኗ ሲያንስ ባክቴሪያው ይዋኛል። ሲበዛ ጭራ መሥራቱን ይተውና ከስኳርና ከፕሮቲን ሙጫ ማምረት ይጀምራል። ሞለኪውሏን የሚሠሩና የሚሰባብሩ ፕሮቲኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ የኮሌራ ባክቴሪያ ብቻውን ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ከ50 በላይ ዘረ መሎች አሉት። አንድ ሴል ብቻ የሆነ ፍጡር ልቀመጥ ወይስ ልሂድ ለሚለው ጥያቄ ይህን ያህል ሠራተኛ መመደቡ ውሳኔው ለእርሱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይነግረኛል። ሞለኪውሏ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሆን ያገኟት በኢየሩሳሌም ሂብሩ ዩኒቨርሲቲ ሞሼ ቤንዚማንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ሲያጠኑ የነበሩትም ኮምጣጤ ላይ ስስ ቆዳ የሚሠራውን ባክቴሪያ ነበር።

በአፈር ውስጥ የሚኖረው ባሲለስ ሰብቲሊስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሙጫውን ከሚሠሩት ፕሮቲኖች አንዱ ራሱ ሄዶ ሞተሩን ከጭራው ይነጥለዋል፤ ሾፌር ፍሪሲዮን እንደሚረግጠው ማለት ነው። ጭራው እዚያው አለ፣ ግን አይነዳም። ያው አንድ ፕሮቲን መቀመጫውንም ያሰናዳል፣ ጉዞውንም ያስቆማል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲታወቅ ያስደነቀው እኔን ብቻ አይመስለኝም።

ሙጫው ከበዛ፣ ጎረቤትም ከተጨመረ በኋላ ባዮፊልም የሚባለው ነገር ይፈጠራል። እዚያ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በውሃ ውስጥ ከሚዋኘው ወንድሙ ይልቅ አንቲባዮቲክን እስከ 1000 እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። ከታች ያሉት ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው እድገታቸው ይዘገያል፤ ብዙ መድኃኒት ደግሞ የሚገድለው የሚያድገውን ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የመድኃኒት ልክ የሚመረመረው ግን በአብዛኛው በሚዋኙት ላይ ነው። ሽንት ለማስወጣት በሚገባ ቱቦ ወይም በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የሰፈረ ኢንፌክሽን በመድኃኒት ጋብ ብሎ የሚመለሰው፣ ብዙ ጊዜም ዕቃውን ከማውጣት በቀር መፍትሔ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ቱቦው ይውጣ ሲል ቤተሰብ ለምን መድኃኒቱ አልጠነከረም ብሎ ባይጨቀጭቀው ደስ ይለኛል።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቤት ሁሉ ባዮፊልምን ያውቀዋል። የጀሪካኑ ወይም የሮቶው ውስጥ ሲነኩት የሚያሟልጨው እርሱ ነው። ክሎሪን እዚያ ላይ ሲጨመር ከሙጫው ጋር እየተዋጋ ያልቃል፤ ለውሃው የሚተርፈው ያንሳል። ጀሪካን ውስጥ ጠጠርና ኦሞ ጨምረው አጥብቀው የሚነቀንቁ እናቶች የሚሠሩት ሥራ ትክክል ነው። መጀመሪያ መፈግፈግ፣ ከዚያ ክሎሪን።

የኮሌራው ባክቴሪያ ከሚወዳቸው መጣበቂያዎች አንዱ ኮፔፖድ የሚባሉ፣ ሽሪምፕን የሚመስሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት ቅርፊት ነው። (በጋምቤላ የጊኒ ዎርምን ለመከላከል ውሃ በጨርቅ የሚጣራው በእነዚሁ እንስሳት ምክንያት ነው።) አሜሪካዊቷ ሪታ ኮልዌልና የባንግላዴሽ ባልደረቦቿ አንድ ነገር አሰቡ፤ ባክቴሪያው ብቻውን ከጨርቅ ቀዳዳ ያልፋል፣ የተጣበቀበት እንስሳ ግን አያልፍም። በባንግላዴሽ ማትላብ ገጠር ሴቶች አሮጌ ሳሪ ቢያንስ አራት እጥፍ አጥፈው የኩሬና የወንዝ ውሃ አጠለሉበት። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት ኮሌራ በ48 በመቶ ቀነሰ።

በጨርቅ ማጥለል ውሃ ማፍላትንና ክሎሪንን አይተካም፤ የሚዋኙት አሁንም ያልፋሉ። ግን በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከባሌ ተነስቶ ብዙ ወረዳ ያዳረሰውን ኮሌራ ሳስብ፣ ማገዶም ክሎሪንም በሌለበት ቤት ግማሽ ያህሉን በሽታ የሚያስቀር አሮጌ ጨርቅ ትንሽ ነገር ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ማትላብ ሲመለሱ ከሴቶቹ 31 በመቶው ማንም ሳይጎተጉታቸው ያኔም ውሃ ያጠልሉ ነበር። ራሳቸው ሳያጠልሉ፣ በሚያጠልል ሰፈር ውስጥ ብቻ የሚኖሩ ቤተሰቦችም በኮሌራ የሚያዙት ቁጥራቸው አንሶ ተገኝቷል።