ውኃ ብቻ የጎደላት መርከብ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የመንዝ ከተማ ናት። ከባሕር ጋር ያላት ዝምድናም ይኸው «ከባሕር ወለል በላይ» የሚለው ሐረግ ብቻ ነው። እንግዲህ ባለፈው ክረምት የቫይኪንግ መርከብ የሠራሁት እዚያ ነው።

ሙሉውን መርከብ እንዳይመስላችሁ፤ አምሳያውን ነው። ርዝመቷ 43 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዷ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ተዘጋጅቶ በካርቶን ከሚሸጠው ዓይነት አይደለችም። ከግንድ ተፈልጣ፣ ተልጋ፣ በእጅ የተሠራች ናት። የእናቴን ደጅ የረገጠ ሁሉ የሚጠይቀኝ ግን አንድ ነገር ነበር፦ «ምን ሊሆንህ ነው?» ያልጠየቀኝ ሰው ቢኖር ስም ያወጣልኝ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ለሰፈሩ ልጆች «ኖኅ» ሆኜ ነበር። ዝናቡም አላግዝ አለኝ፤ ያንን ሰሞን ሌት ተቀን ነበር የሚወርደው።

ለጥያቄው መልስ ፍለጋ ወደ ኋላ ብሄድ ብሄድ የማገኘው አጎቴን ነው። አጎቴ ባሕረኛ ነበር። በ1950ዎቹ ከመንዝ ብርድ ተነሥቶ ምጽዋ ወረደና፣ በእርሱ አባባል፣ «ላብ የሚባል ነገር መኖሩን» በ19 ዓመቱ አወቀ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ገና ልጅ ነበር፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ሲቋቋም በማደራጀትና በማሠልጠን ከረዱት መካከል የኖርዌይ መኮንኖች ይገኙበታል። የቫይኪንግ የልጅ ልጆች የመንዝን ልጅ መቅዘፍ አስተማሩት ማለት ነው። የባሕር ኃይሉ ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሠሯት ናት፤ ለእኛ የተሰጠችው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ወደ የመን ሸሸች፣ ኋላም ለብረቷ ተሸጠች። አጎቴ ታሪኩን ባጭሩ ነበር የሚዘጋው፦ «እሷ ወደ የመን፣ እኔ ወደ መንዝ። የተረፍሁት እኔ ነኝ።»

ሲሞት ርስቱን ልጆቹ ተካፈሉ፤ ባናውን እናቴ ወረሰች። ማንም ያልፈለጋት አንዲት ፖስት ካርድ ለእኔ ደረሰችኝ። አፍንጫዋ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ጥቁር መርከብ ትታይባታለች። ከኖርዌያዊ አሠልጣኙ ያገኛት ናት። «የአያቶቻቸው ናት» ይለን ነበር፣ የራሱን አያት ጋሻ የሚያሳይ ይመስል።

በፖስት ካርዷ ላይ ያለችው መርከብ ኦሰበርግ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ820 ገደማ ከኦክ እንጨት የተሠራች፣ ርዝመቷ 21 ሜትር ከግማሽ የሚሆን መርከብ ናት። በ834 ሁለት ሴቶች ተቀበሩባት። በ1904 ተቆፍራ የወጣችው ከምን መሰላችሁ? ከገበሬ ማሳ፣ ከጉብታ ሥር። ይህን ሳነብ ልቤ ሞላ። መርከብ ከእርሻ ውስጥ መውጣት ከቻለች፣ እርሻ ዳር ብትሠራ ማን ከልካይ አላት?

መጀመሪያ እንጨት። እኔ የአዲስ አበባ ሰው ሆኛለሁና ስም ያታልለኛል፤ ባሕር ዛፍ አለ አይደል? ከስሙ እንኳ ለመርከብ የታጨ ይመስላል። ስሙ ግን ከባሕር ማዶ መምጣቱን እንጂ ለባሕር መመቸቱን አይናገርም። በምኒልክ ዘመን የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከገበያ አንድ አጣና ገዝቼ ፈለጥሁ፣ ላግሁ፣ አሥራ ሁለት ሳንቃ አዘጋጅቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሣ ሳንቃዎቼ እንደ ሙሴ በትር እባብ ሆነው ጠበቁኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ፣ ከግሼ መጥተው እኛ ሰፈር የከረሙ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ናቸው። መጥተው እባቦቼን አንድ በአንድ አነሡ፣ አዩ፣ ወደ ምድጃው ጠቆሙ። ከዚያ ከፈረሰ ቤት የቀረ የጽድ ምሰሶ አመጡልኝ። መጋዜን ሳነሣ እጄን ያዙኝ።

«መጋዝ የእንጨቱን ፈቃድ አይጠይቅም» አሉ። «መጥረቢያ ግን እንደበቀለ ይሄድለታል።»

ምሰሶውን በሽብልቅ ከጫፉ ከፈቱት። ጽዱ ጧ ብሎ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት ቀጥ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ቤቱ በመዓዛው ታጠነ። ቫይኪንጎችም ሳንቃቸውን የሚያወጡት እንዲሁ ነበር። ግንዱን ከእምብርቱ ወደ ውጭ በሽብልቅ እየከፈሉ ይፈልጡታል፣ በመጥረቢያ ያለሰልሱታል። የእንጨቱ ጭረት ስላልተቆረጠ ሳንቃው ስስ ሆኖም ይጠነክራል፤ ማዕበል ሲመታው ይተጣጠፋል እንጂ አይሰበርም። ጋሼ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ጽድ ግን ያውቃሉ።

ልኬቱ ላይ ግን ተሸነፍሁ። እውነተኛው ሳንቃ ውፍረቱ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ነው። የእኔዋ ከእውነተኛዋ 50 ጊዜ ታንሳለችና፣ በ50 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ይህ ወረቀት ነው። የእኔ ሁለት ሚሊ ሜትር ወጣ። መርከቤ በዚህ ሂሳብ ወደ እውነተኛ መጠኗ ብትመለስ የ10 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ያላት ምሽግ ትሆናለች። የሚደፍራት ጠላት የለም፤ የሚቀዝፋትም የለም።

ሁለተኛው ስሕተቴ የባሰ ነው። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ይቀድማል ብዬ የመርከቧን የጎድን አጥንት አስቀድሜ ደረደርሁ። ሳንቃው አልቀመጥ አለኝ፤ አንዱን ጫፍ ስይዘው ሌላው ይፈናጠራል። አራት ቀን ታገልሁ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች ታየኝ ነበር፣ በአምስተኛው ቀን አላስቻላትም።

«አንተ ልጅ፣ ሙዳይ ስሰፋ አጥንት አቁሜ ነው እንዴ የምጀምረው?»

«አይ።»

«ታዲያ! ከእምብርቱ ትነሣለህ፣ ዙር በዙር ታሳድገዋለህ። ቅርጹን የሚሰጠው ዙሩ ነው።»

እውነቷን ነበር፤ ቫይኪንጎችም ከእሷ ጋር ናቸው። መጀመሪያ የታችኛው ወገብ ይጋደማል፣ ሁለቱ ጫፎች ይቆማሉ። ከዚያ ሳንቃ በሳንቃ ላይ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ጠርዝ በጠርዝ እየተደረበ ይወጣል። በኦሰበርግ በያንዳንዱ ጎን 12 ሳንቃ አለ። የጎድን አጥንቱ የሚገባው ቆዳው ቅርጽ ከያዘ በኋላ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ስንት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ነበር፤ መልሱ ሙዳይ ታቅፎ አጠገቤ ተቀምጧል።

ሳንቃዎቹን ማያያዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። ቫይኪንጎች በብረት ሚስማር በስተው ከውስጥ ይቀጠቅጡታል። ለእኔ የሚሆን ሚስማር የለም፤ ትንሹን የጫማ ሚስማር ብሞክር ጽዴን ሰነጠቀው። ኮላውም በክረምት እርጥበት አልደርቅ አለ። እናቴ ሰም የተቀባ ክር ወረወረችልኝ፦ «ስፋዋ!» ሰፋኋት። ኋላ ሳስበው እጄ ላይ ያለው ሥራ ከኖርዌይ ሸሽቶ የጥንቱ የአክሱም ወደብ አዱሊስ ገብቷል። በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው የቢዛንታይን ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ የቀይ ባሕርንና የሕንድን ባሕር መርከቦች ሲገልጽ በሚስማር ያልተመቱ፣ በገመድ የታሰሩ ናቸው ይላል። ዘመኑ ንጉሥ ካሌብ ሠራዊቱን ወደ የመን ያሻገረበት ዘመን ነው። ኦሰበርግ ስትሠራ ያ ታሪክ ወደ ሦስት መቶ ዓመት አስቆጥሮ ነበር። እናቴ ይህን ብነግራት «ታዲያ ሚስማር ምን ያደርጋል?» አለችና ፈትሏን ቀጠለች።

ለጎድን አጥንቱ ወይራ መረጥን። እዚህ ላይ ጋሼ ነገሡ። ከቤታቸው ጀርባ የተከመረ ጎባጣ ቅርንጫፍ አለ፤ ለእኔ ማገዶ ይመስለኝ ነበር። ለእርሳቸው ግን ሁሉም ቀጠሮ አለው። ይኼ ለሞፈር፣ ያኛው ለድግር፣ ይቺ ለእርፍ እያሉ አስጎበኙኝ።

«ጎባጣ እንጨት አቃናለሁ ብትል አንድ ቀን ይበቀልሃል» አሉኝ። «ለጉብጠቱ ሥራ ፈልግለት እንጂ።»

የቫይኪንግ አናጢም ጫካ ሲዞር የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ለአፍንጫዋና ለጎድን አጥንቷ የሚሆን፣ ሲበቅል ጀምሮ የጎበጠ ግንድ። ተጠርቦ የጎበጠ እንጨት ጭረቱ ስለሚቆረጥ ይሰበራል፤ ጎብጦ የበቀለ ግን አይሰበርም። ጋሼ ትንንሽ የወይራ ቀንበጦች መርጠው ሰጡኝ፣ አንዱም አልተሰበረም።

በስተመጨረሻ መሪውን ሠራሁ። የቫይኪንግ መርከብ መሪ ከኋላ መሐል ላይ አይደለም፤ በቀኝ ጎኗ በስተኋላ የታሰረ ሰፊ መቅዘፊያ ነው። መሪው ሰውዬ ቆሞ እጀታውን ይይዛል። ጋሼ መቅዘፊያውን አገላብጠው አዩት፣ እጀታውን በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ ወደ ፊት ገፋ አደረጉት።

«ይኼማ እርፍ ነው» አሉ።

ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

ስለ ሸራው ሳወራ የመንዝ ሰው ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም። የቫይኪንግ ሸራ ከሱፍ ነበር የሚሠራው። ከበግ ተሸልቶ፣ በእጅ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ። በዘመናችን በጥንቱ መንገድ ለመሥራት የሞከሩ ሰዎች ለትልቅ ሸራ የሚጠፋው ድካም መርከቡን ራሱን ከማነጽ የሚያንስ እንዳልሆነ አይተዋል። በኦሰበርግ ውስጥም ከሁለቱ ሴቶች ጋር የሽመና ዕቃ ተቀብሮ ተገኝቷል። እንግዲህ በግ፣ ሱፍ፣ ፈታይ ሴት፣ ሸማኔ ወንድ፤ ይህ የመንዝ ባና የሕይወት ታሪክ ነው። እናቴ ከአጎቴ ባና ጫፍ መዳፍ የምታህል ቆርጣ ሰጠችኝ። በመርከቧ ልክ ሲታይ የዝተት ያህል ወፍራም ነው። ምሰሶዋ ጎበጠ፤ እኔ ግን ሌላ ጨርቅ አልፈለግሁም።

ገመዱ የጓሳ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት አራት መቶ ዓመት ያህል ሲጠብቅ የኖረው ለዚህ ለዚህ ነው፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ገሳ። ሥሯን ሬንጅ ልቀባት ነበር፤ ጥቀርሻ በሰም ለውሼ ቀባኋት። ጠቆረች፣ ፖስት ካርዷንም መሰለች።

የሰፈራችን መሪጌታ ሊያዩዋት መጡ። ዙሪያዋን ዞሩና «በግእዙ የኖኅ መርከብ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?» አሉኝ። ሐመር አልሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታቦት ነው የሚለው። ታቦት። ስለዚህ ስትሠራ አትሳደብ።» ኮላው እምቢ ባለኝ ሌሊት ያልኩትን ማን እንደነገራቸው እስካሁን አላውቅም።

የመስከረም መጀመሪያ ላይ ሳፋ ሙሉ የዝናብ ውኃ ይዘን ደጅ ተሰበሰብን። አስቀመጥኋት፤ ወደ ቀኝ ዘመም አለች። ባናው ከብዷታል፣ እርፉም ይጎትታታል። ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከመሬት ጠጠር ለቀሙና ሆዷ ውስጥ ደረደሩላት። ቀና አለች። ባሕረኞች ሥሯ የቀለለችን መርከብ እንዲሁ በድንጋይ እንደሚያረጋጉ አጎቴ ሲነግረኝ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው። በስፌቱ በኩል ውኃ ሰረገ፣ እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ግን ቀዳዳው ራሱን ዘጋ። የእናቴ ጀበና ሁለተኛዋን እስክትቀዳ ድረስ ተንሳፈፈች።

ሳፋውን ስደፋው ውኃው ወደ ምዕራብ ወረደ። ያ ውኃ ቁልቁለቱን ይዞ ጀማ ይገባል፤ ጀማ የመርሐቤቴን ግርጌ ታክኮ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ዓባይ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ከመንዝ ወደ ምሥራቅ የሚፈሰው ግን አዋሽን ተከትሎ አፋር በረሃ ውስጥ ይቀራል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፣ መርከቦች ግን አሏት፤ ይህ ነገር የሚሰማውን የውጭ ሰው ያስቀዋል። እኔን አያስቀኝም። የመርከቤን መነሻ ፍለጋ በሐሳብ ኖርዌይ ድረስ ሄጄ ስመለስ ፈላጩም፣ ሰፊዋም፣ እርፉም፣ ባናውም፣ ገመዱም ደጃችን ነበሩ። የጎደለው ውኃው ነበር፤ እርሱም ቢሆን ቀድሞን ሄዶ ነው።

አሁን መርከቧ መሐል ሜዳ፣ እናቴ ቤት፣ የዕቃ መደርደሪያው ላይ ናት። ወደ አዲስ አበባ ልወስዳት ስጠይቅ እናቴ እምቢ አለችኝ። እንዝርቶቿን ታስቀምጥባታለች።