መለስሽው ወይስ መለስሽለት?

አባዬ መርካቶ ጫማ እየሠራ ነው ያሳደገን። ልጅ ሳለሁ ቤት መድረሱን የማውቀው በኮቴው ሳይሆን በማስቲሽ ሽታው ነበር። ጣቱ ማስቲሽ፣ ካፖርቱ ማስቲሽ፣ ይዞልን የሚመጣው ዳቦ ሳይቀር ማስቲሽ ማስቲሽ ይል ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ይቺው ማስቲሽ ታሰድበዋለች። ዝናብ የጠጣ ሶል ይለቃል፤ ደንበኛው አፉን የከፈተ ጫማ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ አባዬም ሳያስከፍል መልሶ ይለጥፋል።

አንድ ዓመት ታዲያ ማስቲሹ ውስጥ የሆነ ዱቄት እየጨመረ መሞከር ጀመረ። ምን እንደሆነ ለእማዬ እንኳን አልነገራትም። የዚያን ክረምት ተመልሶ የመጣ ጫማ እምብዛም አልነበረም። "ይሄን ነገር አስመዝግበው እንጂ!" አሉት ጓደኞቹ። የሠርግ ኮቱን ለበሰ፣ እሱ እየነገረኝ እኔ የጻፍኩለትን አንድ ገጽ ወረቀት ያዘ፣ አንድ ቢሮ ሄደ። ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ግማሹን አንብቦ "ይሄ የታወቀ ነገር ነው" አለው። የት ነው የታወቀው? ማነው የሠራው? መልስ የለም። አባዬ ማታ ኮቱን እየሰቀለ ያላት ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች፦ "መለሰኝ እንጂ አልመለሰልኝም።"

ዛሬ እኔ ራሴ "ይሄ የታወቀ ነው" እያልኩ እንጀራ የምበላ ሰው ሆኛለሁ።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የአሜሪካ ፓተንት ቢሮ ውስጥ ነው። የኬሚስትሪ ማመልከቻዎችን እመረምራለሁ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፤ አንድ ሰው "ይሄን እኔ ፈጠርኩ" ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ደግሞ ከሱ በፊት የጻፈ ሰው እንዳለ ዓለምን አስሳለሁ። የሐበሻ ግብዣ ላይ ይሄን ስናገር ሁሌ የምሰማው አንድ ነው፦ "እንዴ! እንደ ጤፉ ነገር?"

አዎ፣ እንደ ጤፉ ነገር። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው። በ2018 ሄግ ያለ ፍርድ ቤት ፓተንቱ ሆላንድ ውስጥ ዋጋ እንደሌለው ወሰነ። ምክንያቱ "ጤፍ የኢትዮጵያ ነው" የሚል አልነበረም። የፈጠራ ደረጃ የለውም፣ ማለትም ሙያውን ለሚያውቅ ሰው የማያስደንቅ ነገር ነው የሚል ነበር። በመሃል 11 ዓመት አለፈ። ስለዚህ ሰፊ "የኔ ነው" ሲመጣ ጠበቅ አድርጌ ብጠይቅ ክፋት እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰው ድንበሩን አስፍቶ ሲያጥር፣ አጥሩ ውስጥ የሌላ ሰው ጓሮ ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ አሉሚኒየሙ ልምጣ። ሰውዬው እንዲታወቅ ስለማልፈልግ ዝርዝሩን ሆን ብዬ ቀያይሬዋለሁ።

ማመልከቻው የመጣው ጠበቃ ከሌለው ሰው ነው። ይሄ ወዲያው ይታወቃል። ጠበቃ የጻፈው ደረቅ ነው፤ የሱ ግን ደብዳቤ ይመስላል። ጋራዡ ውስጥ ስንት ክረምት እንደሠራ፣ ስንት ቆርቆሮ ሙጫ እንደተበላሸበት ሳይቀር ጽፏል። ፓተንት ላይ ግን ዋናው ነገር ታሪኩ አይደለም፤ መጨረሻ ላይ በቁጥር የተደረደሩት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ክሌም ይባላሉ። የይዞታ ካርታ ላይ ያለ የድንበር መስመር በሏቸው። የሱ ክሌም ቁጥር 1 በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ አክሪሊክ ፖሊመርና እሱን የሚያስተሳስር የአሉሚኒየም ውህድ ያለበት ሙጫ ሁሉ የኔ ነው።

ኬሚስትሪው እንዲህ ነው። ሙጫ ውስጥ ያለው ፖሊመር ረጃጅም ክር ነው። ክሮቹ ጎን ለጎን ቢተኙም ካልተያያዙ ሲጎተቱ ይንሸራተታሉ። ሙቀት ወይም ውሃ ሲያገኛቸውማ በቃ። እዚህ ላይ አሉሚኒየም ይገባል። ቤታችን ያለው "ብረት ድስት" የሚሠራበት ያው አሉሚኒየም ነው፤ እዚህ ግን የሚመጣው እንደ ብረት ሳይሆን ኦርጋኒክ ሞለኪውሎች እንዳቀፉት አዮን ሆኖ ነው። ሙጫው ሲደርቅ ያቀፉትን ይለቅና ክሮቹ ላይ ያሉትን የአሲድ ጫፎች ከወዲህም ከወዲያም ይይዛል። ክሩ መረብ ይሆናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ነገር ነው፤ ኬሚስቶች ክሮስሊንክ ይሉታል።

ችግሩ፣ ይሄ የታወቀ ነው። አሉሚኒየም አሴቲላሴቶኔት የሚባለው ውህድ ለአክሪሊክ ሙጫ ማስተሳሰሪያነት ሲያገለግል አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። ፍለጋ በጀመርኩ በግማሽ ሰዓት ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠኝ የጃፓን ፓተንት አገኘሁ። ሁሉም ነገር እዚያ አለ፤ ፖሊመሩም፣ አሉሚኒየሙም፣ ምክንያቱም። በአሜሪካ ሕግ አንቀጽ 102 የክሌሙ ነገር በሙሉ አንድ የቀደመ ሰነድ ውስጥ ከተገኘ አዲስ አይደለም። አንቀጽ 103 ደግሞ አንድ ቦታ ባይገኝ እንኳን፣ የሙያው ሰው በቀላሉ ሊያገጣጥመው የሚችል ከሆነ አይፈቀድም ይላል። የሰውዬው ስምንቱም ክሌም ወደቀ።

ደብዳቤውን ጽፌ ልጨርስ እችል ነበር። ደግሞ ብዙ ማመልከቻ በመጀመሪያው ደብዳቤ ውድቅ ይደረጋል፤ አዲስ ነገር አይደለም።

ግን ያን ቀን ማታ ባቡር ላይ ሆኜ ነገሩ አልለቀቀኝም። ቢጫው መስመር የፖቶማክን ወንዝ ሲሻገር የዋሽንግተን ሐውልት ይታያል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፒራሚድ አሉሚኒየም ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ስትሰቀል ብረቱ ከብር ጋር የሚወዳደር ውድ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቻርልስ ሆል የሚባል የ22 ዓመት ልጅ አሉሚኒየምን በኤሌክትሪክ በርካሽ የማውጣት ዘዴ አገኘ። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ፖል ኤሩ የሚባል እኩያው ያንኑ ዘዴ ለብቻው አገኘ። አሜሪካ ላይ ያሸነፈው ሆል ነው። ሙከራው የተሳካው ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1886 እንደነበር ማስረጃ ነበረው፤ እህቱ ጁሊያም መሰከረችለት። ፓተንቱ በ1889 ወጣለት። ኤሩ ሌባ አልነበረም። የተሸነፈው በወረቀትና በቀን ነው። ግን ቢያንስ ለምን እንደተሸነፈ ያውቃል።

በማግስቱ ማመልከቻውን እንደገና ከፈትኩት። ክሌሙን ሳይሆን ደብዳቤ የሚመስለውን ክፍል፣ መስመር በመስመር። ወደ መጨረሻው ላይ፣ እሱ ራሱ ብዙም ቦታ ያልሰጣት አንዲት ሰንጠረዥ አለች። አሉሚኒየም ችኩል ነው፤ ሙጫው ገና ቆርቆሮው ውስጥ እያለ ይረጋል። ሰውዬው ለዚህ መላ አግኝቷል። አሉሚኒየሙን ከመጨመሩ በፊት አንድ አሲድ፣ በጣም ጠባብ በሆነ መጠን ይጨምራል። ካነሰ ቆርቆሮው ውስጥ ይረጋል፤ ከበዛ ጭራሽ አይደርቅም። በመሃል ባለችው መጠን ግን ሙጫው ሳምንታት ቆይቶም ይሠራል፣ እርጥበትም ይችላል። ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግኩ። ቅደም ተከተሉንም መጠኑንም የጻፈ ሰው የለም፤ እንዲህ ይሆናል ብሎ የሚያስጠብቅ ሰነድም የለም።

ይቺ ናት የሱ። ከጠየቀው መሬት ጋር ስትተያይ የጀበና መደብ ታህላለች። ግን የሱ ናት፣ አልጠየቃትም እንጂ።

የመርማሪዎች መመሪያ ላይ ብዙ ሰው የማያውቃት አንዲት አንቀጽ አለች። አመልካቹ ጠበቃ ከሌለውና መርማሪው ማመልከቻው ውስጥ ሊፈቀድ የሚችል ነገር ካየ፣ ክሌሙን ራሱ መርማሪው አርቅቆ ሊያሳየው ይገባል ትላለች። ስለዚህ ደብዳቤው ሁለት ክፍል ሆነ። በመጀመሪያው ስምንቱን ክሌሞች አንድ በአንድ ጣልኳቸው፤ የትኛው ሰነድ፣ የትኛው ገጽ፣ የትኛው መስመር እንደሆነ እየጠቀስኩ። በሁለተኛው አንዲት አዲስ ክሌም ጻፍኩ፤ አምስት መስመር። "ማመልከቻዎን በዚህ መልክ ካስተካከሉ ይፈቀዳል" የሚል ጨመርኩ። መልስ ለመስጠት ሦስት ወር አለው።

ቅዳሜ አዲስ አበባ ደወልኩ። አባዬ አሁን ጆሮው ትንሽ ደክሟል፤ ስለ ሥራዬ ሲሰማ ግን ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ስለ አንድ ሙጫ ሠሪ ሰውዬ፣ ስሙንም አገሩንም ሳልጠራ አጫወትኩት።

"እና መለስሽው?" አለኝ።

"አዎ፣ መለስኩት አባዬ።"

ዝም አለ። ከዚያ "መለስሽው ወይስ መለስሽለት?" አለኝ።

"ሁለቱንም" አልኩት።

"እሰይ የኔ ልጅ።"

ያን ጊዜ ለዓመታት ልጠይቀው ስፈልግ የቆየሁትን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ያ ማስቲሹ ውስጥ ትጨምረው የነበረው ዱቄት ግን ምን ነበር?"

ብዙ አሰበ። እማዬን ጠራት፤ እሷም አታውቅም። "ኧረ ረስቼዋለሁ ልጄ" አለ በመጨረሻ። "ሰውዬው ከመለሰኝ በኋላ ተውኩት። ምን ያደርግልኛል ብዬ።" ያቺ አንድ ገጽ ወረቀትም የለችም። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፤ "የኔ ልዩ ዱቄት" ብለሽ ጻፊ አለኝ፣ እንዳለኝ ጻፍኩ።

ፓተንት ሲባል ብዙ ሰው ምስጢር መደበቂያ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሰውዬው የሚያውቀውን ለዓለም ይናገራል፤ በምትኩ ካመለከተበት ቀን ጀምሮ እስከ 20 ዓመት ማንም ያለ ፈቃዱ እንዳይጠቀምበት ይከለከልለታል። ከዚያ በኋላ የሁሉም ነው። ክሌሙ ቢወድቅ እንኳን ማመልከቻው ከታተመ ጽሑፉ ይቀራል፤ ከዓመታት በኋላ እንደኔ ያለ ሰው ሲፈልግ ያገኘዋል። የአባዬ ዱቄት ግን የትም አይገኝም። ምናልባት እውነትም የታወቀ ነገር ነበር። አሁን ያንን እንኳን ማረጋገጥ አይቻልም።

ሰውዬው በሁለተኛው ወር መለሰ። ስምንቱን ክሌሞች ሰርዟል፤ ያረቀቅኳትን አስገብቷል። ደብዳቤው ላይ ከሕጉ ጋር የማይገናኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የጃፓኑን ፓተንት አስተርጉሞ እንዳነበበው፣ ጸሐፊው ከሱ በፊት እዚያ መድረሱ እንዳስገረመው ይናገራል። የተቆጣ አይመስልም። ጋራዡ ውስጥ ብቻውን እንዳልነበረ ያወቀ ሰው ይመስላል።

ፈቀድኩለት። ሙጫውን የሚገዛው ያግኝ አያግኝ የኔ ሥራ አይደለም።

እኔ ቀጣዩን ፋይል ከፈትኩ። ይሄም ሰፊ ክሌም ነው፤ ይሄም ሳይወድቅ አይቀርም። "የታወቀ ነው" ብዬ ከመጻፌ በፊት ግን ገጽና መስመሩን ፍለጋ ገባሁ።