ወረፋው ቆሟል

ባለፈው ክረምት ፈረንሳይ ለጋሲዮን በሚገኘው የአጎቴ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ተቀጥሬ ስል ያው ያለ ደሞዝ ነው። አጎቴ ኮምፒዩተሩን ወደ ሊኑክስ የቀየረው ነፃ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ ስላስመረረው ነው። ቫይረሱስ ቀረ፤ ማተሚያው ግን የራሱን ጸባይ ይዞ መጣ።

አንድ ማክሰኞ ጎረቤታችን እማማ አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው እየወረዱ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። የመጨረሻ ልጃቸው፣ «አንቺ ጋዜጠኝነት አይደል የምትማሪው? የሕይወት ታሪኳን ጻፊልን» አለችኝ። እምቢ ይባላል? ማታውኑ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ በዊንዶውስ፣ በፓወር ግዕዝ ጻፍኩት። ቀብሩ በማግስቱ 9 ሰዓት፣ የካ ሚካኤል ነው።

ጠዋት ሱቅ ገብቼ ፍላሹን ስከፍተው የእማማ ታሪክ የለም። የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ገጽ ነው። ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ማተሚያው ምንም አላጠፋም። የቆዩት የአማርኛ ፎንቶች የፊደላችንን ቅርጽ የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነው፤ ፎንቱ የሌለበት ማሽን ከሥሩ ያለውን ያሳያል። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. ለግዕዝ ፊደላት የየራሳቸውን ቁጥር ሰጥቷቸዋል፤ ብዙዎቻችን ግን አሁንም በድሮው እንጽፋለን። ጓደኛዬ ቤት ሳለሁ ፒዲኤፍ አድርጌው ቢሆን እንኳ ፎንቱ አብሮት ይመጣ ነበር። አላደረግኩማ!

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ እንደገና መተየብ ጀመርኩ። ወረቀቱን ልትወስድ የመጣችው ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታነባለች። «የ4 ልጆች እናት» የሚለው ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ።

«አምስት ነን። አንዱ በልጅነቱ ሞቶ ነው እንጂ።»

እኔ የቆጠርኩት ለቅሶ ቤት ያየኋቸውን ነበር። አልጠየቅኩም። አስተካከልኩት።

40 ቅጂ አዘዝኩ። ሦስተኛው ሲወጣ መብራት ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ የማተሚያው አረንጓዴ መብራት በርቷል፣ ወረቀት አለ፣ ገመዱም ተሰክቷል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። እንደገና አዘዝኩ። አሁንም። እውነቱን ለመናገር 5 ጊዜ ደጋገምኩት። 7 ሰዓት አልፏል፣ ልጅቷም ዝም ብላ ታየኛለች።

አጎቴ ከምሳ ሲመለስ ገና ከበሩ ላይ፣ «ማሽኑን አትነዝንዢው፣ ወረፋውን እዪ» አለኝ። ሊኑክስ ላይ የማተም ሥራ የሚያስተናግደው ካፕስ የሚባል ፕሮግራም ነው። የተላከለትን ሁሉ ያሰልፋል፣ ማተሚያው ወደሚገባው ቋንቋ ይለውጣል፣ ከዚያ ይልካል። ሥራ መሀል ላይ ሲቋረጥ ወረፋውን «ቆሟል» ብሎ ሊዘጋው ይችላል፤ መብራት መጣ ተብሎ ደግሞ ላይከፈት ይችላል። ኢንተርኔት ባይኖርም ብሮውዘሩ ላይ «ሎካልሆስት:631» ሲባል ገጹ ይመጣል። ከፈትነው። ቆሟል! ከኋላው እኔ የደጋገምኩት 200 ቅጂ ተሰልፏል። አጎቴ በለቅሶ ቀን መሳቁን ረስቶ ሳቀ። ትርፉን ሰርዘን «ቀጥል» ስንለው ማተሚያው አጉረመረመና ጀመረ።

ወረፋው ክፍት ሆኖ «ፊልተር ፌይልድ» ሲል ደግሞ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የድራይቨሩ ነው፤ ለሞዴሉ የሚሆነው አልተጫነም ወይም የጎደለው ነገር አለ። ካፕስ ምክንያቱን በስህተት መዝገቡ ላይ ይጽፋል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ። (በነገራችን ላይ በ1983 እ.ኤ.አ. የግኑን ፕሮጀክት ያወጀው ሪቻርድ ስቶልማንም የተበሳጨው በማተሚያ ነው። ኤም.አይ.ቲ ውስጥ ወረቀት እየያዘ ያስቸገረ ማተሚያ ነበር፤ የሶፍትዌሩን ኮድ ሲጠይቅ ተከለከለ።)

የመጨረሻዎቹ ቅጂዎች ጠርዛቸው ገረጣ። ቶነሩን አውጥቼ ነቀነቅኩትና መለስኩት። 8 ሰዓት ተኩል ላይ ልጅቷ ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ታክሲ ያዘች። ሱቁን ዘግተን የካ ሚካኤል ስንደርስ ንባቡ ተጀምሯል። «የአምስት ልጆች እናት» ሲባል ከሴቶቹ መሀል አንዷ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ጃንጥላው ብዙ ስለነበር ማን እንደሆነች አላየሁም።