በለስ በፒያሳ
ሰው ቁልቋል ፎቶ ለማንሳት በረሃ ይወርዳል፤ እኔ ክረምት ሲገባ ፒያሳ የበለስ ጋሪ እፈልጋለሁ። ደመናው ለዚህ ሥራ ከፀሐይ ይሻላል፤ ጥላ ስለማይበረታ የፍሬው ቢጫና ቀይ ደምቆ ይወጣል። ያቺ እንደ ፀጉር የቀጠነች እሾህ ግን ብርሃን ከጎን ካልመታት በካሜራ አትያዝም (ጣት ላይ ከተሰካች ግን ቀኑን ሙሉ ትታወቃለች)። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ የሻጩ እጅ ነው፦ ግራና ቀኙን ይቆርጣል፣ ወገቡን ይሰነጥቃል፣ ልጣጩን ይገለብጥና «እንካ ጋሼ!» ይላል። ሁሌም እዘገያለሁ።

በለስ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ የካክተስ ወገን እንግዳ ነው፤ ትግራይ ላይ ግን ባለ አገር ሆኗል። አገር በቀሉ ቁልቋላችን ደግሞ መልኩ ቢያሳስትም የካክተስ ወገን አይደለም። ሲቆረጥ የሚያፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ያቃጥላል፤ እሱን የምታነሱ ከሌንሳችሁ በፊት ለዓይናችሁ አስቡ። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ወደ አደይ አበባ ይሮጣል። መልካም ሩጫ፤ እኔ ስልኬ ውስጥ ቦታ የለኝም፣ በበለስ ሞልቷል።