ዝም ያለ ገዢ

ልጄን ዩኒቨርሲቲ አድርሼ የተመለስኩት በነሐሴ መገባደጃ ነው። ጊቢው ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን በመኪና ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። ትንሽ ፍሪጅ፣ የጠረጴዛ መብራት፣ ከነማንጠልጠያው የታጠፈ ልብስ ጭነን ሄድን። በር ላይ ነባር ተማሪዎች ጋሪ እየገፉ ተቀበሉን፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዕቃው ሁሉ ክፍሏ ገባ። አቅፌያት ወጣሁ። ስመለስ መኪናዬን ጥግ አስይዤ ያለቀስኩት ስለተለየኋት ብቻ አልነበረም። እኔ ራሴ ከመርካቶ የተሸኘሁበት ሌሊት ፊቴ ላይ ድቅን ብሎብኝ ነው።

1993 ዓ.ም. ነበር። ባሕር ዳር ደርሶኛል። የመምህራን ኮሌጁና ፖሊ ቴክኒኩ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ ገና ወራት ቢያልፋቸው ነው። የአዲስ ገቢዎች ጥሪ ያኔም እንደ ዛሬው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ ይላል። እናቴ ለዚህ ዝርዝር መርካቶን ሁለት ቀን አሰሰችው። ብርድ ልብሱ የደብረ ብርሃን ካልሆነ አልገዛም አለች። ለልብስ ማጠቢያ ባልዲ፣ ለሎከሬ ጓጉንቸር ከምናለሽ ተራ አመጣች። ከእህል በረንዳ ገብስ ገዝታ፣ ቆልታ፣ በሶ አስፈጨች። በሶው ከስኳር ጋር ተበጥብጦ ስንት ሌሊት እንዳስጠናኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

አባቴ ከራጉኤል ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጥ ነበር። በሄድኩበት ዋዜማ የሱቅ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ «ለመንገድሽ» እያሉ እጄ ላይ ብር አስጨበጡኝ። ሌሊት 11 ሰዓት አውቶቡስ ተራ ደረስን። ሻንጣዬ ፖርቶ መጋላው ላይ ወጥቶ ሸራ ሲለብስ እናቴ ሹፌሩን «ልጄን አደራ» አለችው። በማያውቁት ሰው ላይ አደራ መጣል በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ሹፌሩም ምሳ ሰዓት ላይ መብላቴን ጠይቆኛል።

ባሕር ዳር መናኸሪያ ስወርድ ሦስት ነባር ተማሪዎች «ፍሬሽ ነሽ?» ብለው ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። ፔዳ ጊቢ እስክገባ ድረስ ምንም አልጠየቅሁም። ካፌ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ውሃ መቼ እንደሚመጣ፣ የትኛው መምህር ከሃንድአውት ውጪ እንደሚጠይቅ የነገረችኝ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። የመጀመሪያው ሚድ ሳምንት ሲቀረው ሳልለምናት የድሮ ፈተናዎች ይዛልኝ መጣች። በግቢ ጉባኤ፣ በጀማዓው፣ በፌሎሺፑ እንዲህ ዓይነት ታላላቅ ነበሩ። አገር ቤት እርዳታ አንቺን ፈልጎ ይመጣል።

ይህን ስል ግን ሁሉን ሰው ፈልጎ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ዶርማችን ውስጥ አማርኛ እምብዛም የማትችል፣ ከሩቅ ገጠር የመጣች ልጅ ነበረች። የአገሯ ልጅ በአካባቢው አልነበረም። እኛ ስንሳሳቅ እሷ ግድግዳውን ዞራ ትተኛለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ሲለጠፍ ዲስሚስ ሆና ዕቃዋን ሰበሰበች። አልጋችን አንድ ክንድ እንኳ አይራራቅም ነበር፤ «ምን አቃተሽ?» ብዬ አንድ ቀን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዓመታት በኋላ በዲቪ አሜሪካ ገባሁ፤ ልጄ ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች። ቀን እየሠራሁ ማታ ኮሌጅ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ሲለበስ የሚባለውን ወረቀት አደለን። የፈተና ቀናት፣ የእያንዳንዱ የቤት ሥራ ነጥብ፣ መምህሩ ቢሮው የሚገኝበት ሰዓት ሁሉ እዚያ ላይ ሰፍሯል። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ስታቲስቲክሱ በሦስተኛው ሳምንት ከበደኝ። አንድ ሰው እስኪመጣ ጠበቅሁ፤ ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እንኳ ስሜን አያውቅም። ኤፍ ሳይመዘገብብኝ ኮርሱን ማቋረጥ የምችልበት ቀንም አለፈ። በመጨረሻ መምህሩን ሳገኘው «ሴሚስተሩን ሙሉ በየሳምንቱ ለሁለት ሰዓት በሬን ከፍቼ ተቀምጫለሁ፤ ለምን አልመጣሽም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ላስቸግረው አይገባም ብዬ ነበር።

ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። እንዲህ አለኝ፦ «የሚፈልገውን ሳይናገር ሱቅ ደጃፍ ቆሞ የሚሄደውን ሰው ታስታውሺዋለሽ? ዕቃው መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል። አስተማሪሽም እንደኔው ባለሱቅ ነው። ግቢና ንገሪው።»

የመርካቶ ልጅ ሆኜ ይህ እንዴት እንደጠፋኝ ገርሞኛል። መርካቶ ውስጥ ሳይጠይቅ የሚገዛ የለም፤ አንድ ሜትር ጨርቅ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዋጋ ይጠየቃል፣ ይከራከሩበታል፣ ካልጣማቸው ይሄዳሉ። ያንን ድፍረት ትምህርት ቤት በር ላይ አውልቀን የምንገባው መምህርን ስለምናከብር ነው። ክብሩ ደግ ነው፤ ዝምታው ግን እዚህ አገር ያስከፍላል። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያንኑ ኮርስ እንደገና ወስጄ ማክሰኞ ማክሰኞ ቢሮው እሄድ ጀመር። አለፍኩት።

አሁን ተራው የልጄ ነው። እንግሊዝኛው አፍ መፍቻዋ ነው፣ ይሉኝታው ግን የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳት። በመስከረም ድምጿ ቀዝቀዝ ሲልብኝ ዩኒቨርሲቲው ደወልኩና እንዴት እየተማረች እንደሆነ ጠየቅሁ። በትሕትና ሊነግሩኝ እንደማይችሉ አስረዱኝ። ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸና የአገሪቱ ሕግ አለ፤ ተማሪዋ ከፍተኛ ትምህርት ስትገባ መዝገቧ የራሷ ይሆናል፣ እሷ ካልፈቀደች ወላጅ ውጤቷን የማየት መብት የለውም። ስለዚህ ማታውኑ ለእሷ የአያቷን ነገር አወራኋት። ካልኩለስ ከብዷት ኖሯል። ጊቢው ውስጥ በነፃ የሚያስጠኑ ተማሪዎች ያሉበት ማዕከል አለ፤ ከክፍሏ አምስት ደቂቃ ነው፣ አንድ ቀን አልረገጠችውም።

በዚያው ወቅት የእህቴ ልጅ አዲስ ከተማ ሆና ጥሪ ትጠብቅ ነበር። ያለፉት ዓመታት ለእሷ ዓይነቶቹ ቀላል አልነበሩም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የሬሜዲያል ትምህርት የመጣው ለዚህ ነው። ልጅቷ ጎንደር ደረሳት። እናቷ ብርድ ልብስ ስትመርጥ በቪዲዮ አሳየችኝ። በጎንደር የከተማው ነዋሪ ከሩቅ የመጣን ተማሪ እንደ ልጁ ተቀብሎ የሚያይበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚባል አሠራር አለ። በበዓል ቀን ዶርም ውስጥ ብቻዋን ለምትቀር ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚያች ለጥንቷ የዶርም ጓደኛዬም እንዲህ ያለ ቤት በነበረላት ብዬ ተመኘሁ።

ሁለቱንም ኖሬባቸዋለሁና ፍርዴን ልናገር። ለአዲስ ተማሪ የአገር ቤቱ አቀባበል ይበልጣል። የዚህኛው አገር ደግሞ ከተጠየቀ ማንንም «የማን ልጅ ነሽ?» ሳይል ይሰጣል። ችግሩ ልጆቻችን ባሕር ዳር እንዳሉ ሆነው ሰው እየጠበቁ እዚህ መቀመጣቸው ነው።

በዚህ ዓመት ልጅ ኮሌጅ ያስገባችሁ የአገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ማታ ስትደውሉላቸው «በላሽ? በላህ?» ካላችሁ በኋላ አንድ ነገር ጨምሩልኝ፤ እስካሁን የስንት መምህር ቢሮ እንዳንኳኩ ጠይቋቸው።