ስለ ቀድሞ ደመወዝ መናገርና ዝም ስለ ማለት

አዲስ ሥራ የሚፈልግ ሰው «አሁን የምትቀበለው ደመወዝ ስንት ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ይናገር ወይስ ዝም ይበል? ይህን ነገር ካለፈው ወር ጀምሮ በቤታችን ስንከራከርበት ሰንብተናል፤ የእኅታችን ልጅ ከነበረችበት የሒሳብ ሥራ ወደ ሌላ ለመዛወር ማመልከቻ አቅርባለችና።

ልጂቱ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣች የተቀጠረችው አባቷ በሞተ ሰሞን ስለ ነበረ ያገኘችውን ሳትመርጥ ተቀበለች። ከዚያ ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ ብትሠራም ደመወዟ የዚያን ጊዜ ችግሯን እንጂ የዛሬ ዕውቀቷን የሚመስል አልሆነም። አዲሱ አሠሪም በዚያው ላይ ጥቂት ብቻ ቢጨምርላት የድሮው ችግር ሲከተላት ይኖራል ማለት ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ ተመልክተውታል። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2016 ባወጣው ሕግ አሠሪ የሚከፍለውን ሳያስታውቅ የአመልካቹን የቀድሞ ደመወዝ እንዳይጠይቅ ከለከለ፤ የአውሮጳ ኅብረትም በ2023 ጥያቄውን የሚከለክል መመሪያ አወጣ። ይህም በዝቅተኛ ደመወዝ የጀመሩት፥ ይልቁንም ሴቶች፥ በዚያው እንዳይቀሩ ነው።

በአገራችን ግን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ለሠራተኛው በነፃ እንዲሰጥ ያዛል። እንጀራችን ወረቀት መጻፍ ነውና ነገሩን እናውቀዋለን፤ የሥራ ልምድ ማስረጃው በቀረበ ጊዜ ልጂቱ ዝም ብትልም ወረቀቱ ይናገራል።

ባለቤታችን «ጨምራ ትናገር፤ ገበያ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ዋጋ ይጠራል እንጂ የመጨረሻውን አይጠራም» አለች። እኛ ይህን አልተቀበልነውም፤ ዛሬ ያተረፈችው ገንዘብ ነገ ወረቀቱ ሲገለጥ እምነቷን ያሳጣታል። ደግሞስ በማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ በስምምነት» ብሎ የራሱን የሸሸገ አሠሪ የአመልካቹን ለማወቅ መቸኮሉ ያስገርመናል።

ስለዚህ ካልተጠየቀች አታንሣው፤ ብትጠየቅ በመጀመሪያ የሥራውን ክብደት አመዛዝና የምትሻውን ትናገር፤ አጥብቀው ቢይዟት ግን እውነተኛውን ደመወዝ ከቤትና ከመጓጓዣ አበሉ ጋራ ትግለጥ፥ የምትሠራውንም ሥራ በዝርዝር ታስረዳ ብለን መከርናት።

ማክሰኞ ዕለት ተጠርታ ሄዳ ይህንኑ አደረገች። ጠያቂውም የጠራችውን ገንዘብ በማስታወሻው ላይ ጽፎ አሰናበታት፤ መልሱን ገና እንጠብቃለን።