ኋላ ተጽፎ ፊት የሚነበብ ታሪክ

በኢትዮጵያ ያልታወቀ ሰው ወደ አንድ አገር ሲገባ አስቀድሞ የሚጠየቀው፤ የማን ልጅ ነህ፤ ተብሎ ነው። መጽሐፍ የሚያነብ ሰውም በታሪኩ ጀግና ላይ ይህንኑ ጥያቄ ሳያነሣ አይቀርም። ጀግናው ሲዋጋ፣ ሲነግሥ፣ በመጨረሻም ሲሞት አይቶ መጽሐፉን ከዘጋ በኋላ፤ አባቱ ማን ነበር፣ እናቱስ ከወዴት መጣች፤ እያለ ይመረምራል። ደራሲዎችም ይህን ጥያቄ ስለሚያውቁ የታወቀው ታሪክ ከተጻፈ በኋላ ከእርሱ የሚቀድም ሌላ ታሪክ ይጽፋሉ። እንዲህ ያለው ቀዳሚ ታሪክ በጽሑፍ ታናሽ፣ በዘመን ግን ታላቅ ነው። ኋላ ተወልዶ የበኵርን ስፍራ ስለሚይዝም አንባቢዎችን ያከራክራል።

በአሶሳ በኩል በገነተ ማርያም ሦስት አንባቢዎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በዚህ ነገር ይከራከሩ ቢባል፤ አንደኛው፤ ቀዳሚ ታሪክ ትርፍ ነው፤ ደራሲው ዝም ያለበትን ስፍራ መሙላት የአንባቢ ፈንታ ነበርና ይህን መንጠቅ አይገባም፤ ይል ይሆናል። ሁለተኛው፤ ሥሩ ያልታየ ዛፍ ፍሬው አይታመንም፤ ስለዚህ ቀዳሚው መሠረት ነው፤ ብሎ ይመልሳል። ሦስተኛው ግን፤ ቀዳሚው ለታወቀው ታሪክ ምን እንደ ጨመረለት ሳናይ አንፍረድ፤ ቢል ከሁሉ ይልቅ በማስተዋል የተናገረ እርሱ ነው። የዚህም ማስረጃ በንጉሥ አርተር ታሪክ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የብሪታንያው ንጉሥ አርተርና በክብ ማዕድ ዙሪያ የሚቀመጡት ፈረሰኞቹ በብዙ አገር ቋንቋ ተተርከዋል። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ክሬትየን ዘትሯ የሚባል ፈረንሳዊ ባለቅኔ ግራል የሚባለውን ምሥጢራዊ ዕቃ ስላየው ስለ ወጣቱ ፔርሰቫል መጻፍ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀረ። ከጥቂት ዘመን በኋላ፣ ይኸውም ከ1200 እስከ 1210 ባለው ጊዜ ገደማ፣ ወልፍራም ፎን ኤሸንባኽ የሚባል ጀርመናዊ ባለቅኔ ታሪኩን በራሱ ቋንቋ አምጥቶ ፓርሲፋል አለው፤ ፍጻሜም ሰጠው። ዛሬ ድርሰቱ በ16 ክፍል ተከፍሎ ይታተማል። ወልፍራም መጨረሻውን ብቻ አልጨመረም፤ ከመጀመሪያውም በፊት ክሬትየን ያልጻፈውን የአባቱን የጋህሙሬትን ታሪክ በሁለት ክፍል አቆመ።

ጋህሙሬት የአንዡ ንጉሥ ሁለተኛ ልጅ ነበረና ርስት ሳይደርሰው በሰይፉ ሊያድር ወደ ምሥራቅ ሄደ። ዛዛማንክ በተባለ የጥቁሮች አገር ደርሶ፣ በጠላት የተከበበችውን ጥቁሪቱን ንግሥት በላካኔን አዳናት፤ አገባትም። ነገር ግን እርጉዝ ሳለች በሌሊት በመርከብ ተሰውሮ ሄደ። ያልተጠመቅሽ ስለ ሆንሽ ነው የሚል ደብዳቤም ትቶላት ነበር። እርስዋ ግን ደብዳቤውን ባየች ጊዜ ለመጠመቅ ደስ እንደሚላት ተናገረች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ልጅዋ ፌይረፊስ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ተወለደ። ጋህሙሬትም ሌላ ንግሥት አገባ፤ ፓርሲፋል ከዚህች ተወለደ። አባትየው ግን የልጁን መወለድ ሳያይ በጦርነት ሞተ።

ይህ ሁሉ በመጽሐፉ መጨረሻ ዋጋውን ያገኛል። ሁለቱ ወንድማማች ሳይተዋወቁ ተገናኝተው ይዋጋሉ፤ የፓርሲፋል ሰይፍ በፌይረፊስ ራስ ቍር ላይ ይሰበራል። ፌይረፊስም ሰይፍ የሌለውን ሰው መምታት ነውር ነው ብሎ የራሱን ሰይፍ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ስማቸውን ተጠያይቀው የአንድ አባት ልጆች መሆናቸውን ያውቃሉ። ቀዳሚውን ታሪክ ያላነበበ ሰው ከዚህ የሚያየው ሁለት ፈረሰኞች ሲታረቁ ብቻ ነው። ያነበበው ግን በሌሊት የተተወችው ሴት ልጅ፣ በአባቱ ቤት ወንድም ሆኖ ሲቈጠር ያያል። ፌይረፊስም ተጠምቆ የግራልን ተሸካሚ ካገባ በኋላ ቄስ ዮሐንስ የተባለውን ንጉሥ ይወልዳል። ኤውሮፓውያን ይህን ስም ኋላ ለኢትዮጵያ ንጉሥ ሰጡት፤ በ1520 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በ1540 የታተመውን መጽሐፉን የቄስ ዮሐንስ አገር ታሪክ ብሎ ጠራው።

አንባቢዎች በወልፍራም ሥራ አንድ ሐሳብ አልነበራቸውም። በዘመኑ የነበረው ባለቅኔ ጎትፍሪድ ዘሽትራስቡርግ፣ አስቸጋሪ ተረት የሚፈጥሩ ደራሲዎችን ነቅፎ ጽፏል፤ ብዙ ሊቃውንትም ስሙን ሳይጠራ ወልፍራምን መንካቱ ነው ይላሉ። ወልፍራም ራሱ ታሪኩን ኪዮት የሚባል ሰው በቶሌዶ በዐረብኛ ተጽፎ አገኘው ብሎ ቢናገርም፣ ኪዮትን ራሱ ወልፍራም ፈጥሮታል የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ሪካርድ ቫግነር ደግሞ በ1882 ፓርሲፋልን በዜማ ቴያትር ሲያሳይ በላካኔንና ፌይረፊስን ጨርሶ አስቀራቸው። ቀዳሚው ታሪክ ትርፍ ነው የሚለው ሐሳብ በሥራ ሲገለጥ ይህን ያስከትላል፤ ከታሪኩ ፊተኛው ክፍል ሲቈረጥ ጥቁሪቱ እናትና ልጅዋ አብረው ይቈረጣሉ።

በኢትዮጵያም ከሁሉ የታወቀው ቀዳሚ ታሪክ ክብረ ነገሥት ነው። አጼ ይኩኖ አምላክ በ1270 ነገሡ፤ ከአሶሳዋ ጋር በስም አንድ በሆነችው በላስታዋ ገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሥዕላቸው ይታያል። የዘሩን መነሻ ከንግሥት ማክዳና ከንጉሥ ሰሎሞን የሚተርከው መጽሐፍ ግን በግዕዝ የተጻፈው ከዚያ በኋላ፣ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። መዝጊያው፤ መጽሐፉ በ1225 በላሊበላ ዘመን ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ እንደ ተመለሰ፣ ይሥሐቅና ጓደኞቹም ኋላ ወደ ግዕዝ እንደ መለሱት ይናገራል። በዛጔ ዘመን ያልተተረጐመበትን ምክንያት ሲያስረዳም፤ መጽሐፉ ከእስራኤል ወገን ያልሆኑ ቢነግሡ ሕግ መተላለፍ ነው ስለሚል ነው፤ ይላል። እንግዲህ ቀዳሚ ታሪክ መቼ እንደሚነበብ የወደደና የጠላ ሰው ከጥንትም ነበረ።

ከአንባቢዎቹ አንዱ አጼ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። በ1868 ከመቅደላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው በ1872 ሲጽፉ፣ ያለዚህ መጽሐፍ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስታወቁ፤ መጽሐፉም ተመለሰ። መጽሐፉ ከማክዳ በኋላ ሴት እንዳትነግሥ ቢደነግግም፣ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ከ1916 እስከ 1930 ነግሠዋል። የ1931 ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከቀዳማዊ ምኒልክ አገናኝቶ ጻፈ፤ መንግሥቱ በ1974 ካለፈ በኋላም መጽሐፉ መነበቡን አላቆመም። ይህም የሚያሳየው አንባቢ ለቀዳሚ ታሪክ ሁልጊዜ ባሪያ አለመሆኑን፣ መጽሐፉም ከዙፋኑ የሚተርፍ ሌላ ነገር እንዳለው ነው። ያም ልጁ አባቱን ፍለጋ መሄዱ ነው። በይነ ልሕክም በ22 ዓመቱ የእናቱን ቀለበት ይዞ ኢየሩሳሌም ሲደርስ፣ ሰሎሞን በልጁ ፊት የአባቱን የዳዊትን መልክ አየ። ጋህሙሬት ደብዳቤ ትቶ ሸሸ፤ ሰሎሞን ግን ቀለበቱን በእጅዋ ሰጥቶ ሸኛት።

በአሶሳ አገር ላለ አንባቢ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ከሱዳን በኩል የመጡ ነጋዴዎች ከበርታ ሴቶች የወለዷቸው ወገኖች ወጣዊጥ ተብለው ነበር፤ ይህም በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። ከእነዚህም አገር የገዙ ባላባቶች ወጡ፤ የዘራቸውንም ሐረግ በአባት በኩል ወደ ዐረብ ይቈጥሩ ነበር። በሁለት ቀለም የተወለደውን የፌይረፊስን ታሪክ እዚያ የሚያነብ ሰው፣ ቈጠራው በአባት ብቻ ሲሄድ እናቲቱ የት ቀረች ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ደግ ቀዳሚ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል፤ ክፉው ግን አባትን ከፍ ለማድረግ ብቻ ይጻፋል።

የኢትዮጵያ የመጻሕፍት መምህራን አንድን ንባብ ሲተረጕሙ አንድም ብለው አንደኛውን፣ አንድም ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ ሁለተኛው ቢመጣ ፊተኛው አይፋቅም። የቀዳሚ ታሪክ ንባብም እንዲሁ ቢሆን ይበጃል። ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፤ አስቀድሞ የተጻፈውን አስቀድመህ አንብብ፤ ቀጥለህ ኋላ የተጻፈውን ቀዳሚ ተመልከት፤ ከዚያም ወደ ፊተኛው ተመለስ። በተመለስህ ጊዜ ያላየኸውን ሰው ካየህ ቀዳሚው ዋጋ አለው፤ ካላየህ ግን ትርፍ ነው ያለው ሰው እውነት ብሏል። ፓርሲፋልን የምታነብ ብትሆን ደግሞ ሁለቱን የፊት ክፍሎች አትዝለል፤ በላካኔ ያለችው በዚያ ብቻ ነውና።